ኃያል ጀግና ለምን ይወደዳል? ለምንስ ይከበራል?

የተከበራችሁ ወላጆችና ሽማግሌዎች፦

በዚህ ዓመት በአማርኛ ክፍላችን እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ነገር መርጦ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ተባለ። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ስለ ሲግድ በዓል፣ አንዳንዶቹ ስለ ሸክላ ሥራና ስለ ቡና ጻፉ። እነዚህን ነገሮች እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቋቸዋላችሁ። ስለዚህ እኔ ለእናንተ እንግዳ የሆነውን፣ እኛ ግን ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀውን መረጥሁ። እርሱም በዕብራይስጥ "ጊቦር አል" የሚባለው፣ በፊልምና ኮሚክስ በሚባለው የሥዕል መጽሔት ውስጥ የሚገኘው፣ ከሰው በላይ ኃይል ያለው ጀግና ነው። በልጆቻችሁ ቦርሳና ፒጃማ ላይ፣ በፑሪም ቀን ደግሞ ልጆቻችሁ ራሳቸው ለብሰውት አይታችሁታል። ቀይና ሰማያዊ ልብስ ለብሶ ግድግዳ ላይ የሚወጣው፣ ወይም ካባ ደርቦ በሰማይ የሚበረው ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ይህን ሲያዩ "ውሸት ነው፤ ሰው ይበራል እንዴ?" ይላሉ። ልክ ነው፣ ሰው አይበርም። የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል። ታዲያ ውሸት መሆኑን እያወቅን ለምን እንወደዋለን? ደግሞስ ከብዙዎቹ መካከል አንዱን ወደን ሌላውን የምንተወው በምን ምክንያት ነው? ማስረዳት የምፈልገው ይህን ነው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ ልናገር። ይህን ሰው በአማርኛ ምን ብዬ እንደምጠራው በቤታችን ክርክር ተነሣ። እኔ "ልዕለ ኃያል" የሚል ቃል አገኘሁ። አባቴ ከአያቶቼ ጋር የአማርኛ ሬዲዮ ሲሰማ ያደገ ስለሆነ ሳቀና "እርሱ እኮ ለአሜሪካና ለሩሲያ የሚባል ነው" አለኝ። ወንድሜ ደግሞ "ጉልበተኛ በይው" ሲል አያቴ ተቆጡ። "ጉልበተኛ ማለት የሰው መሬት የሚቀማ፣ ደካማውን የሚገፋ ነው። ጀግና ሌላ ነው" አሉ። በዕብራይስጥ "ጊቦር" አንድ ቃል ነው፤ ብርቱውም ጀግናውም በእርሱ ይጠራል። በአማርኛ ግን ኃይል ያለው ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ጉልበተኛ ይሆናል፣ ወይ ጀግና ይሆናል። የእነዚህ ፊልሞች ታሪክ ሁሉ ከአያቴ ቃል ብዙ አይርቅም። ክፉውም ደጉም ኃይል አላቸው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የክፉው ይበልጣል። እኔ በዚህ ጽሑፍ "ኃያል ጀግና" እላለሁ።

እነዚህ ጀግኖች ሁለት ስም አላቸው። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው ወዲያው "እንግዲያውስ የፈረስ ስም ነዋ!" አሉኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ እንደነበረው ሁሉ፣ ክላርክ ኬንት ሱፐርማን፣ ፒተር ፓርከር ስፓይደርማን ይባላል። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። በእናንተ አገር ጀግናው ሲፎክር የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የሠራውንም ሥራ ይቆጥራል፤ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ይፈልጋል። ኃያል ጀግናው ፊቱን ይሸፍናል። ሥራውን ሲጨርስ ልብሱን ለውጦ እንደማንኛውም ሰው አውቶቡስ ይጠብቃል። ቤት ሲገባ "የት ቆየህ?" ብለው ይቆጡታል፤ እርሱም ዝም ይላል። ምስጋናውን የሚወስደው የፈረሱ ስም ነው፤ ቁጣውን የሚቀበለው ልጁ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ኃያል ጀግና ልሂድ። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት የአይሁድ ልጆች ናቸው። ሁለቱም በ1914 ተወለዱ፤ ወላጆቻቸው ከአውሮፓ የተሰደዱ ነበሩ። በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሳሉ ተገናኙ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይሥላል። የሲግል አባት ልብስ ሻጭ ነበሩ። በ1932 በሱቃቸው ውስጥ ዘረፋ ሲፈጸም ልባቸው ቆሞ ሞቱ። ጥይት የማይበሳውን ሰው ልጃቸው ያሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ታሪኩ በ1938 ታትሞ ሲወጣ ሁለቱ ወጣቶች መብቱን ሁሉ በ130 ዶላር ሸጠው ነበር። ሌሎች በሱፐርማን እጅግ ሲበለጽጉ እነርሱ ለብዙ ዓመታት ተቸግረው ኖሩ። በ1975 ከብዙ ክርክር በኋላ በየዓመቱ የሚከፈላቸው ጡረታ ተቆረጠላቸው፤ ስማቸውም በሥራው ላይ እንዲጻፍ ተደረገ።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ክሪፕተን የሚባል ዓለም ሊጠፋ ሲል አንድ አባትና አንዲት እናት ሕፃን ልጃቸውን በትንሽ መንኮራኩር አድርገው ወደ ምድር ይልኩታል። በገጠር የሚኖሩ ሁለት ገበሬዎች፣ ባልና ሚስት፣ አግኝተው እንደ ልጃቸው ያሳድጉታል። ኦሪት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሙሴን ሳያስብ አይቀርም፤ በሣጥን ተደርጎ ወንዝ ላይ የተተወ፣ የእርሱ ባልሆነ ቤት ያደገ ልጅ። ሱፐርማን በተወለደበት ዓለም ስሙ ካል-ኤል ነው፤ ዕብራይስጥ የምንናገር ልጆች መጨረሻዋን ቃል ስንሰማ ፈገግ እንላለን። በምድር ላይ ግን ክላርክ ተባለ። አንድ ስም ወላጆቹ ያወጡለት፣ ሌላ ስም በመጣበት አገር የተሰጠው ማለት ነው። ከእናንተ መካከል ወደ እስራኤል ስትመጡ ስማችሁ የተለወጠባችሁ ብዙዎች ናችሁና፣ ይህን ክፍል ለእናንተ ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

(ስለ ልብሱም ብዙ ጊዜ ትጠይቁናላችሁ፤ "የውስጥ ሱሪውን ለምን ከላይ ይለብሳል?" እያላችሁ። በዚያ ዘመን በሰርከስ ከባድ ነገር የሚያነሡ ብርቱ ሰዎች እንዲህ ይለብሱ ነበር። ሹስተር ከእነርሱ ነው የወሰደው። እኔም ብትጠይቁኝ አያምርም።)

በመጀመሪያው ታሪክ ሱፐርማን አይበርም ነበር፤ ይዘል ነበር እንጂ። ከዚያ ጸሐፊዎቹ በየጊዜው ኃይል ጨመሩለት። በረረ፣ በግድግዳ ውስጥ አየ፣ ከዓይኑ እሳት ወጣ። ኃይሉ በጨመረ ቁጥር ግን ታሪኩን መጻፍ አስቸጋሪ ሆነ፤ ማንም የማያሸንፈው ሰው ሲዋጋ ማን ይጨነቃል? በ1943 በሬዲዮ ድራማው ላይ ክሪፕቶናይት የሚባል ድንጋይ ተፈጠረ። ሱፐርማን ወደ እርሱ ሲቀርብ ይደክማል። ሶምሶን ያለ ጠጉሩ እንዳልቻለው ማለት ነው። የሶምሶንን ታሪክ ስንሰማ አንበሳውን የገደለበትን እንሰማለን፤ ልባችን የሚፈራው ግን ጠጉሩ ሲላጭ ነው።

እኔ ግን የሱፐርማን እውነተኛ ድካም ድንጋዩ ነው ብዬ አላምንም። በ1978 በወጣው ፊልም ላይ ያሳደጉት አባቱ በድንገት ልባቸው ቆሞ ይሞታሉ። ልጁ ባቡር የሚቀድም፣ ብረት የሚያጣምም ነው። በመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ይህ ሁሉ ኃይል እያለኝ አባቴን ማዳን አልቻልሁም እያለ ያዝናል። ድንጋዩ በጸሐፊዎች የተሠራ ነው። ይህኛው ድካም ግን የእኛም ነው፤ የሚወዱት ሰው ሲታመም ምንም ማድረግ ያልቻለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሱፐርማንን ለአንድ ደቂቃ የምቀርበው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ሲበር እንደገና ይርቀኛል። አከብረዋለሁ፣ ግን እንደ ጎረቤት አላየውም።

ስፓይደርማን ሌላ ነገር ነው። እርሱን በ1962 የፈጠሩት ጸሐፊው ስታን ሊ እና ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ናቸው። ስታን ሊ ሲወለድ የወጣለት ስም ስታንሊ ሊበር ነበር። ወላጆቹ ከሩማንያ የመጡ አይሁድ ነበሩ፤ አባቱ ልብስ ቆራጭ ሆነው፣ በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን ሥራ ያጡ ነበሩ። ከዚያ በፊት በኮሚክስ ውስጥ ወጣት ልጅ ብዙውን ጊዜ የትልቁ ጀግና ረዳት ነበር። ስፓይደርማን ግን ራሱ ገና ተማሪ ነው።

ፒተር ፓርከር ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ነው። በኒውዮርክ በኩዊንስ ሰፈር አጎቱ ቤንና የአጎቱ ሚስት ሜይ ያሳድጉታል። ሁለቱም ሽማግሎች ናቸው፤ ገንዘብ የላቸውም። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ በክፍል ውስጥ ይስቁበታል። አንድ ቀን ጨረር የነካት ሸረሪት ነከሰችውና ኃይል አገኘ። ታዲያ በዚህ ኃይል መጀመሪያ ምን አደረገ? ዓለምን አላዳነም። ገንዘብ ለማግኘት ትግል ገጠመ፣ በቴሌቪዥን ታየ። አንድ ሌባ በአጠገቡ ሲያመልጥ ሊይዘው ሲችል "የእኔ ሥራ አይደለም" ብሎ ተወው። ያው ሌባ በኋላ አጎቱን ገደለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ጀግኖች ደግ የሆኑት ደግ ስለሆኑ ነው። ፒተር ግን መልካም ሥራ የሚሠራው ጸጸት ስላለበት ነው። ኃይል ያለው ሰው ኃላፊነትም እንዳለበት የተማረው ከመምህር ሳይሆን ከአጎቱ ሞት ነው። ይህንንም ለማንም መናገር አይችልም። ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴትዮ እርሱን እያጽናኑ ያበሉታል፤ እርሱ ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው እያለ በልቡ ይበላል። ስንት ሰው በልቡ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ይኖራል?

ደግሞም ችግሩ አያልቅም። በ2004 በወጣው ሁለተኛው የስፓይደርማን ፊልም ላይ ፒተር ፒዛ ያመላልሳል፣ ዘግይቶ ከሥራ ይባረራል። አከራዩ የቤት ኪራይ ይጠይቀዋል። የጀግና ልብሱን በሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ከሌላው ልብስ ጋር አጥቦ ቀለሙ ይለቅበታል። ሱፐርማን ልብሱን ማን እንደሚያጥብለት አስቤም አላውቅ! ፒተር ፎቶግራፍ የሚሸጥለት የጋዜጣ አለቃ ደግሞ በየቀኑ ስፓይደርማን ወንጀለኛ ነው ብሎ ይጽፋል። ልጁ ስሙን የሚያጠፋውን ጋዜጣ ፎቶ እያቀረበ በዚያው ገንዘብ ይኖራል። አባቴ ይህን ፊልም ከእኔ ጋር ሲያይ ዝም ብሎ ነበር፤ አከራዩ በመጣ ጊዜ ግን "ይህስ እውነት ነው" አለ።

በዚሁ ፊልም ስፓይደርማን የሚሮጥ ባቡር በገዛ ሰውነቱ ያቆማል። ሲጨርስ ራሱን ይስታል። የፊቱ መሸፈኛ ወልቋል። ተሳፋሪዎቹ በእጃቸው ከራሳቸው በላይ ተሸክመው ያስገቡትና ፊቱን ሲያዩ ገና ልጅ መሆኑን ያውቃሉ። ሁለት ሕፃናት መሸፈኛውን ይመልሱለታል፤ ለማንም እንደማይናገሩ ቃል ይገባሉ። በዚያን ጊዜ አዳኙ የዳኑትን ይፈልጋቸዋል። እኔ ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ጀግና ለምን እንደሚቀርበን ይህ ነው፤ የሚጎድለው ነገር ስላለ ነው። ግን የሚጎድለው ሰው ሁሉ ይከበራል ማለት አይደለም። መከበር የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ካፒቴን አሜሪካ ነው። እርሱን የፈጠሩት ጆ ሳይመን እና ጃክ ከርቢ ናቸው። ከርቢ የተወለደው ጄኮብ ከርትዝበርግ ተብሎ ነው፤ እርሱም የስደተኛ አይሁድ ልጅ። በ1940 መጨረሻ ላይ በወጣው የመጀመሪያው መጽሔት ሽፋን ላይ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታው ይታያል። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም ነበር።

በ2011 በተሠራው ፊልም ላይ ስቲቭ ሮጀርስ ቀጭንና በሽተኛ ወጣት ነው፤ ሠራዊቱ ደጋግሞ ይመልሰዋል። በመጨረሻ ለሙከራ ከተወሰዱት ወታደሮች መካከል አንድ ሆነ። የጦር አለቃው ማንን እንደሚመርጥ ለማየት የእጅ ቦምብ ወረወረ። ቦምቡ የማይፈነዳ ነው፤ ወታደሮቹ ግን አያውቁም። ጠንካሮቹ ሁሉ ሲሸሹ ቀጭኑ ልጅ በቦምቡ ላይ ተኛበት፤ ሌሎቹንም "ራቁ" ብሎ ጮኸ። ልብ በሉ፣ በዚያን ሰዓት ምንም ኃይል አልነበረውም። መድኃኒቱን የወጉት ከዚያ በኋላ ነው። ፊልሙ ገና ሲጀምር ኃይሉና ጀግንነቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳየን።

ባትማን የሚባልም አለ። ወላጆቹ በፊቱ የተገደሉበት ነው፤ ያሳዝናል። ሆኖም እጅግ ሀብታም ስለሆነ ችግሩን ሁሉ በገንዘብ በተሠራ መኪና ይፈታዋል። ወንድሜ በእርሱ ምክንያት ከእኔ ጋር ስለሚጣላ ብዙ አልልም።

ሰዎች ሲያዩን የእኛ ጀግና ብላክ ፓንተር መሆን አለበት ብለው ያስባሉ፤ ጥቁር ስለሆነ። ብላክ ፓንተርን ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ በ1966 ፈጠሩት። ዋካንዳ የምትባል፣ በአፍሪካ ውስጥ ያለች፣ ማንም ያልገዛት አገር ንጉሥ ነው። በ2018 ራያን ኩግለር የሠራው ፊልም በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አገኘ። በዚያ ዓመት እኔ ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ ነገር ግን በሲኒማ ቤቱ የአጎቶቼ ልጆች እንዴት ቀጥ ብለው ተቀምጠው እንደነበር አስታውሳለሁ። ንጉሡን ሆኖ የሠራው ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን በ2016 ካንሰር እንዳለበት ተነግሮት ነበር። ለሕዝብ ሳይናገር እየታከመ ሠራ፤ በ2020 ሞተ። ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ ያወቀው።

ንጉሡን እወደዋለሁ። ግን እኔ ንጉሥ አይደለሁም፤ ቤታችንም ቤተ መንግሥት አይደለም። በዚያ ፊልም የሚቀርበኝ ጠላትየው ነው፤ ኪልሞንገር። አባቱ የዋካንዳ ንጉሥ ወንድም ነበር። ንጉሡ ወንድሙን በአሜሪካ ገድሎ ሕፃኑን እዚያው ትቶት ተመለሰ። ልጁ ዘመዶቹ በሰላም እየኖሩ እርሱ ብቻውን ቀረ። በክፍላችን ስለ እርሱ ስንከራከር ጎንደር ውስጥ ዘመዶቻቸው ለዓመታት የሚጠብቁባቸው ልጆች ከሁሉ የበለጠ ጮኹ። ቁጣው ይገባናል። ሆኖም ቁጣውን ይዞ የሚያደርገው ነገር አይከበርም፤ ዓለምን በሙሉ በጦር መሣሪያ ሊያቃጥል ይነሣል፣ የምትረዳውን ሴት ልጅ እንኳ ይገድላል። ይህ ሰው ቅርብ ነው፣ ግን አይከበርም። ሱፐርማን ይከበራል፣ ግን ሩቅ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ማየት ብርቅ ነው።

ለእኔ የተገናኙት በማይልስ ሞራሌስ ላይ ነው። እርሱ ሁለተኛው ስፓይደርማን ነው። በ2011 ብራያን ማይክል ቤንዲስ እና ሠዓሊዋ ሳራ ፒኬሊ ፈጠሩት፤ በ2018 ደግሞ በሥዕል ፊልም ተሠራ፤ ፊልሙም በ2019 ኦስካር አገኘ። አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቱ ከፖርቶ ሪኮ ናት። በቤት ውስጥ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ እየተቀላቀለ ይነገራል፤ እንደ እኛ ቤት አማርኛና ዕብራይስጥ። በ2023 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ላይ ወላጆቹ ትምህርት ቤት ተጠርተው ውጤቱን ሲሰሙ፣ ከሁሉ ይልቅ እናቱን የሚያስደነግጣት በስፓኒሽ ያገኘው ዝቅ ያለ ውጤት ነው። እኔ እማዬን ዞር ብዬ አየኋት፤ እርሷም እኔን አየችኝ።

ማይልስ ከሰፈሩ ርቆ፣ የሀብታምና የጎበዝ ልጆች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቷል። ከእናንተ መካከል በፕኒሚያ የተማራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። በዚያ የእኔ ቦታ አይደለም ብሎ ስለሚያስብ፣ ተባርሮ ወደ ሰፈሩ እንዲመለስ አንድ ፈተና ሆን ብሎ ሁሉን ተሳስቶ ይመልሳል። ጥያቄዎቹ እውነት ወይም ሐሰት የሚባሉ ናቸው። አስተማሪዋ ወረቀቱን አይታ ሁሉንም የሚስተው ሁሉንም መልስ የሚያውቅ ብቻ መሆኑን ነገረችው። አባቱ ፖሊስ ናቸው፤ ልጃቸውን ይወዳሉ፣ ንግግራቸው ግን ሁልጊዜ ምክር ነው። አንድ ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት፣ በፖሊስ መኪናው ድምፅ ማጉያ "እወድሃለሁ በለኝ" ይሉታል። ልጁ በእፍረት ሊሞት ይደርሳል።

ከብዙ ነገር በኋላ ማይልስ በአዳሪ ክፍሉ ውስጥ በሸረሪት ድር ከወንበር ጋር ታስሯል። አፉም ተሸፍኗል። ከእርሱ የበለጠ ልምድ ያላቸው ጀግኖች አንተ ገና አልደረስህም ብለው ነው ያሰሩት። በዚያን ሰዓት አባቱ ወደ በሩ ይመጣሉ። አጎቱ ሞተዋል፤ አባት ወንድማቸውን አጥተው ልጃቸውን ሊያናግሩ ነው የመጡት። ከበሩ ውጪ ቆመው በአንተ ውስጥ ትልቅ ነገር አያለሁ፣ እወድሃለሁ፣ መልስ ባትሰጠኝም ግድ የለም ይላሉ። ልጁ ከበሩ በስተጀርባ እያለቀሰ ይሰማል፤ መመለስ ግን አይችልም። አባት ዝምታውን እንደ ቁጣ ይቆጥሩትና ይሄዳሉ።

በዚህ ክፍል ማንም አይበርም፣ ማንም አይመታም። የሁለት ሰዎችና የአንድ በር ነገር ነው። ማይልስ እስራቱን የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ልጆች ለእናንተ የማንናገረው ብዙ ነገር አለ። የማንናገረው ሁልጊዜ ስለማንወድ ወይም ስለማናከብር አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ቃሉ በአማርኛ የለንም፤ አንዳንድ ጊዜ እናንተን ላለማስጨነቅ ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎች በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው በሐኪም ቤት ለአያቶቻቸው አስተርጉመዋል። ሐኪሙ ክፉ ነገር ሲናገር ልጁ መጀመሪያ ይሰማል፤ ከዚያ አያቱን ቀና ብሎ አይቶ እንዴት እንደሚናገር ያስባል። ለትንሽ ጊዜ በቤቱ ውስጥ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። ሳይፈልገው ኃይል የመጣበትን ልጅ ታሪክ ለምን እንደምንወድ ስትጠይቁን፣ ይህንንም አስቡት።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ትልልቅ ሰዎች "የወረቀት ጀግና ከምታመልኩ የራሳችሁን ጀግኖች እወቁ" ይሉናል። እኔም እስማማለሁ። በሱዳን በኩል በእግር የመጣችሁትን፣ በዘመቻ ሙሴ በ1984 እና በ1985 የተነሣችሁትን፣ በመንገድና በሱዳን ስለሞቱት ወደ 4,000 ስለሚጠጉ ወገኖቻችን የቆመውን የሄርጽል ተራራ መታሰቢያ እናውቃለን። በየዓመቱ በዕለቱ እንሰማለን። ነገር ግን ታሪኩ ሲነገረን ብዙ ጊዜ እንደ መጨረሻዎቹ የሱፐርማን መጽሔቶች ነው፤ ሁሉም ብርቱ፣ ማንም ያልፈራ፣ ማንም ያልተጠራጠረ። እናከብራለን፤ ግን እንዴት እንቅረብ?

አያቴ ያን መንገድ የሄዱት አባቴን በጀርባቸው አዝለው ነው። ስለ መንገዱ በበዓል ቀን በሰው ፊት ሲጠየቁ የሚሉት አንድ ነው፦ "ወጣን፣ ተቸገርን፣ እግዚአብሔር አደረሰን።" አንድ ቀን ግን ሽንኩርት እየከተፍን፣ እኔ ስለ ፒተር ፓርከርና ስለ አጎቱ ስነግራቸው፣ ሳይጠየቁ ተናገሩ። በሦስተኛው ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ ሽፍታ እንዳይሰማ አፉን በነጠላ ይዘውት እንደነበር፣ ሌላው ሲተኛ ተነሥተው ወደ ኋላ ለመመለስ ጥቂት እንደ ተራመዱ፣ ከዚያ ቆመው እንደገና ወደ ሰዎቹ እንደ ተመለሱ። ይህን ለአባቴም ነግረውት አያውቁም። እኔ ስለ አያቴ ብዙ ሰምቼ ነበር፤ ያን ቀን ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ አብሬአቸው የቆምሁ መሰለኝ። ስለዚህ ስትነግሩን የፈራችሁበትንም ንገሩን። በአማርኛም ቢሆን፣ ዕብራይስጥ ቀላቅላችሁም ቢሆን።

ፊልሙን ከልጃችሁ ጋር ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ በ2018 የወጣውን የማይልስን ፊልም እመክራለሁ። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ቋንቋው ከፈጠነባችሁ ልጃችሁ ያስተርጉምላችሁ፤ ልማዳችን ነው። ሥዕሉ በጣም ይፈጥናል፣ ቀለሙም ዓይን ያደክማል። ድብድቡ ሲበዛ ቡና ለማፍላት ብትነሡ ብዙ አያመልጣችሁም። አባትየው ወደ በሩ ሲመጡ ግን ቡናውን ተዉትና ኑ፣ ተቀመጡ።